ሃልብ ዝዋይ ስንት ሰዓት ነው?

ፍራንክፈርት በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ኃላፊያችን «ነገ ሃልብ ዝዋይ ግቢ» አለችኝ። «ሃልብ» ግማሽ ነው። «ዝዋይ» ሁለት ነው። ሁለት ተኩል ብዬ ያዝኩት። ጀርመኖች ግን ግማሹን የሚቆጥሩት ለሚመጣው ሰዓት ነው። ሃልብ ዝዋይ ማለት አንድ ተኩል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ተኩል። አንድ ሰዓት ሙሉ አርፍጄ ደረስኩ።

የጠዋት ተረኛዋ ከንጋት ጀምሮ ስትሠራ ውላ፣ ካፖርቷን ለብሳ እየጠበቀችኝ ነበር። ትቆጣለች ብዬ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ወረቀት አወጣች። ሰዓት ሳለች። ረጅሙን ቆጣሪ ስድስት ላይ፣ አጭሩን በአንድና በሁለት መካከል አድርጋ «ሃልብ ዝዋይ» አለችኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ሄደች። ወረቀቷ እስከ ዛሬ አለችኝ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ጀርመን ለመምጣት የሚዘጋጁ ልጆች ብዙ ጊዜ ይጽፉልኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቢ2 በስንት ወር ይያዛል?» ቢ2 የቋንቋ ችሎታ ደረጃ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። በአገር ቤት የነርስነት ዲፕሎማ እዚህ ለመሥራት በአብዛኛው ቢ2 ይጠየቃል። እዚህ ለገባ ሰው ደግሞ 600 ክፍለ ጊዜ የቋንቋ፣ 100 ክፍለ ጊዜ የአገሩን ሕግና ታሪክ የሚያስተምር ኮርስ አለ። ሁሉም ያስፈልጋል። ግን የቋንቋ ምስክር ወረቀቱን ይዤ የመጣሁት እኔ ሥራ ቦታ ስገባ አፌ ተሳሰረ። ለወራት ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ እቀመጥ ነበር። የሚደክመኝ ወገቤ አልነበረም፤ ጆሮዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ምን እንዳለ ለመያዝ መጣር እንደዚያ ያደክማል።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ሰው በሰው አገር ቋንቋ የሚለምደው፣ ሳይፈራ መሳሳት ሲችል ነው። ባይተዋርነቱም ቀስ እያለ የሚለቀው ያኔ ነው።

ሰዓት ከተሳለባት ከዚያች ወረቀት በፊት ሌላ ነገር አይቻለሁ። አንድ ቢሮ ተርሚን ነበረኝ። (እዚህ ያለነው ቀጠሮ አንልም፤ ተርሚን ነው የምንለው።) አንድ ግስ አጥፍቼ ተናገርኩ። ሠራተኛው ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል እየቆረጠ፣ «ዱ» እያለ መለሰልኝ። ጀርመንኛ እንደ አማርኛ አንተና አንቺን ከእርስዎ ይለያል። «ዱ» ለቅርብ ሰው ነው፣ «ዚ» ለማታውቀው። አንቱታን ከእናት ጓዳ ተምሬ ለመጣሁት ለእኔ ያ ጥፊ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ቢሮ ስሄድ የማናግራቸው በወረቀት ጽፌ፣ አንብቤ ነበር። አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ የዘጋውን አፍ ለመክፈት ወራት ይፈጃል።

የተከፈተው ደግሞ እኔ ባላሰብኩት በኩል ነው። የጀርመንኛን «እኔ» የሚለውን ቃል በትክክል መጥራት ለእኛ ከባድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ በፊደላችን የለም። ስለዚህ «ኢሽ» እንላለን። አስተማሪዬ ስንቴ እንዳረመችኝ! ሥራ ስገባ ግን የፍራንክፈርት ሽማግሌዎች ራሳቸው «ኢሽ» ነው የሚሉት። የአካባቢው ዘዬ ነው። አንዲት የ90 ዓመት እናት ሳጥባት የኖረችበትን ሰፈር እየተረከችልኝ «ኢሽ፣ ኢሽ» ስትል ሰማሁና ልቤ በሙቀት ሞላ። ጥፋት ነው ብዬ ያፈርኩበት አነጋገር፣ ለእሷ የልጅነት አፏ ነበር።

ሌላም አለ። ጀርመንኛ «ምክንያቱም» ብሎ ሲጀምር ግሱን ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይገፋዋል። በክፍላችን የነበሩት የሌላ አገር ልጆች በዚህ ተማረሩ። እኛ ግን ግስ መጨረሻ ላይ መጠበቅ ለምደን ያደግን ነን። ከአገራችን ይዘን የምንመጣው ነገር ጎደሎ ብቻ አይደለም። ይህን የሚነግረን ሰው ቢኖር ስንት ልጅ አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር።

ይህን ሁሉ ስል የአክስቴ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታለች። አረብኛዋ ከእኔ ጀርመንኛ ይበልጣል፤ ትቀልድበታለች፣ ታለቅስበታለች። ማንም 600 ክፍለ ጊዜ አልሰጣትም። የመጀመሪያ ቃሎቿ «ጂቢ» እና «ያላ» ነበሩ፤ አምጪ፣ ቶሎ በይ። ግን አንድም ቀን ቤቴ ነው ብላ አታውቅም። እንዴት ትበል? በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ የታሰረው በአሠሪዋ ነበር። የሊባኖስ የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አያካትትም። በፈረንጆቹ 2020 የኢኮኖሚው ቀውስ ሲብስ፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። እኔ አንድ ሰዓት አርፍጄ ወረቀት ላይ ሰዓት ተሳለልኝ። እሷ ብታረፍድ ምን ይገጥማት እንደነበር አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ልዩነታችን ጉብዝና አይደለም። እኔ የሥራ ውል አለኝ፣ የዕረፍት ቀን አለኝ፣ በሩን ቆልፌ የምተኛበት ክፍል አለኝ። ስለዚህ «ቋንቋውን ተማሪ፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል ምክር ስሰማ ይከፋኛል። ለእሷ ቋንቋው ነበራት።

የእኔን ለውጥ መቼ እንደመጣ አላውቅም። መምጣቱን ያወቅሁት አንድ ሌሊት ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ባንነው እናታቸውን ይጠራሉ። በአማርኛ ቢሆን «አይዞዎት» ብዬ እጨርሰው ነበር። ጀርመንኛ ለአይዞዎት እኩያ የለውም፤ ይህ ለዓመታት ሲያንገበግበኝ ኖሯል። ያን ሌሊት ግን ምንም ሳላስብ አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩና «ኢሽ ቢን ዳ» አልኳቸው። አለሁ ማለት ነው። እጄን ያዙ። ትንሽ ቆይተው ተኙ። ጠዋት በባቡር ስመለስ ነው የገባኝ። አልተረጎምኩትም። ከአፌ እንዲሁ ወጣ።

አሁን አውስቢልዱንጉን፣ የሙያ ሥልጠናውን፣ ጨርሻለሁ፤ ሦስት ዓመት ነው። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ሠልጣኝ ሲመጣ ከእኔ ጋር ይመድቡታል። እዚህ ቀድመን የደረስነውን አንድ ነገር እለምናለሁ። አዲስ ለመጣችው እህታችን ተርሚን ስንሸኛት፣ በእሷ ፋንታ አንናገርላት። አጠገቧ እንቁም፣ እየሰባበረችም ትናገር፣ እንጠብቃት። ደግሞ በእኛው መካከል ቃል ባጠፋ ሰው መሳቅ ይብቃን። የፈረንጅ ሳቅ ያልዘጋውን አፍ የእኛ ሳቅ ሲዘጋው አይቻለሁ።

ባለፈው ወር ከባሕር ዳር የመጣች ልጅ ሥልጠና ጀመረች። በሁለተኛው ቀን፣ አንድ የ86 ዓመት አባት ክፍል ውስጥ ሆነን አንዲት ጀርመናዊት ባልደረባችን «ነገ ሃልብ ዝዋይ» አለቻት። ልጅቷ እኛ እንደምናደርገው አየር ወደ ውስጥ ስባ «እህ» አለች። እሺ ማለቷ ነው። ባልደረባችን ደነገጠች። «ምነው? አመመሽ?» አለቻት። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ስንት ሰው በዚህች ትንፋሽ አስደንግጫለሁ።

እኔ ከመናገሬ በፊት አባት ከአልጋቸው ቀና አሉ። «አላመማትም» አሉ። «እሺ ማለቷ ነው። በእነሱ አገር እንዲህ ነው የሚባለው።»