«እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት አያመኝም ማለት አይደለም

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ ነርሷ መጣች። «እማማ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት? የሚያምዎት ነገር አለ?» አክስቴም እንደ ወትሮው «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉ። ሙቀትና ግፊት ለካች፣ መዘገበች፣ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ብርድ ልብሱን ላስተካክል ገለጥ ሳደርግ ግን እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨምድዶ ይዟል።

ነርሷን አልወቅስም። እኛ ዘንድ «እንዴት ነዎት» ሰላምታ ነው፣ መልሱም ምስጋና ነው። በዚያ ላይ በሰው እጅ ያለ ሽማግሌ «አስቸገርኩ» ብሎ ይሳቀቃል፤ ህመሙን ዋጥ ያደርጋል። በአልጋ መሀል እያለፉ በሚጠየቅ ጥያቄ የእነዚህ ሰዎች ህመም አይገኝም።

የሚያውቅ ሰው ግን ነበር። ገላቸውን የምታጥባቸው ልጅ «በግራ ጎናቸው ሳገላብጣቸው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ» አለችኝ። ሁለት ወር ሙሉ አይታዋለች። የሚጠይቃት አልነበረም፤ የምትጽፍበት ቦታም አልነበራት።

ህመም እንደ ሙቀትና ግፊት በየቀኑ ተፈልጎ መጻፍ አለበት የምለው ለዚህ ነው። የመርሳት ህመም ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የስቃይ መለኪያ አለ። አምስት ነገሮችን ያያል፦ አተነፋፈስ፣ ማቃሰት፣ የፊት ገጽታ፣ የሰውነት ሁኔታ፣ ሲያባብሏቸው መረጋጋት አለመረጋጋታቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፣ ድምሩ ከ10 ነው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ጥቂት ሥልጠና ይበቃዋል።

መድኃኒቱም ላይ «ሲብስባቸው እንሰጣለን» የሚለው ልማድ ይቅር። ሁልጊዜ ለሚያም ሰው ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጣል፤ መታጠብ የሚያሳምማቸው ከሆነ ደግሞ ቀደም ብሎ። ዲክሎፌናክ በላይ በላይ መውጋት የሽማግሌን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ ለብዙዎቹ በሐኪም የተመጠነ ፓራሲታሞል ይቀድማል። የካንሰርን የመሰለ ብርቱ ህመም ሲመጣ ሞርፊን ያስፈልጋል። ቤተሰብ «ሱስ ይሆንባቸዋል» ብሎ ይፈራል፤ በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ግን ከሱስ ይልቅ ነቅቶ መጠበቅ የሚያስፈልገው የሆድ ድርቀትን ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳወጣው በዓመት ለዓለም ይከፋፈል ከነበረው 298.5 ቶን በሞርፊን ልክ የተሰላ ማስታገሻ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች ይደርስ የነበረው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። በዚህ ላይ ፍርሃታችን ሲጨመርበት ለታማሚው ምን ይተርፈዋል?

አክስቴን ሐኪም አይቷቸው መድኃኒታቸው በሰዓት ከሆነ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸው «ቡናው ጋ አውጡኝ» አሉ።

መጦሪያዎችን የሚቆጣጠር ሁሉ አልጋ ቆጥሮ አይመለስ፤ የትናንቱን የህመም መዝገብ ያስወጣ። እናንተም የፊታችን እሁድ ዘመድ ልትጠይቁ ስትሄዱ የምታጥባቸውን ልጅ ፈልጋችሁ «ሲነኩ የሚሸሹት የቱ ጋ ነው?» በሏት።