እርማት፦ 15 ዓመት ቢያልፍም ይግባኝ አለ

በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነታቸው ከአሜሪካ ጦር የተባረሩ ሰዎችን በተመለከተ አንድ ወሬ ሲዞር አያለሁ። «ከተባረርክ 15 ዓመት ካለፈህ አለቀ፤ ይግባኝ የለም» ይላል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ግን ትክክል አይደለም።

የ15 ዓመቱ ገደብ የአንድ ቦርድ ብቻ ነው፤ ስንብትን የሚገመግመው፣ በቅጽ ዲዲ 293 የሚያመለክቱበት። ጊዜው ያለፈበት ሰው በቅጽ ዲዲ 149 ወደ ሌላው፣ የወታደር መዝገብ ወደሚያርመው ቦርድ ይሄዳል። እዚህም የ3 ዓመት ገደብ አለ። ቦርዱ ግን ለፍትህ ሲባል ሊያልፈው ይችላል። የተጠራጠረ ቅጹን አውርዶ ይየው፤ ለምን እንደዘገዩ የሚያስረዱበት ቦታ አለው። በሩ ዝግ ቢሆን ማን ይጠይቅ ነበር?

እንዲያውም ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች በጦሩ ውስጥ በግልጽ እንዳያገለግሉ ያደረገው ክልከላ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 ሲነሳ፣ መከላከያ ሚኒስቴሩ ለቦርዶቹ መመሪያ ሰጥቷል። ስንብቱ በዚያ ክልከላ ብቻ የመጣ ከሆነና ሌላ የሥነ ምግባር ጥፋት ካልተመዘገበ፣ የስንብቱን ምክንያትም ዓይነትም (የክብር መሆን አለመሆኑን) የመቀየር ጥያቄ በአብዛኛው ይፈቀድ ይላል። በአብዛኛው ግን በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ማመልከት ያስፈልጋል።

ወሬው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። አምኖ የተቀመጠ ሰው የክብር ስንብት የሚጠይቀው ጂአይ ቢል የተባለው የወታደሮች የትምህርት ድጋፍ ያመልጠዋል። የሕክምናና የካሳ መብቱም ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲዲ 214 የተባለውን የስንብት ወረቀት አውጥቶ ቀኑንና የተጻፈውን ምክንያት ማየት ነው። የጠፋበት ከአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቅጂ መጠየቅ ይችላል።