384 ሰው ከመጠየቃችን በፊት

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የነበረው ልጅ ባለ ስድስት ገጽ መጠይቅ ያስባዛል። 422 ኮፒ! ማሽኑ ሁለቴ ሞቆ ቆመ። ልጁ ብሩን እየቆጠረ "ገና የዳታ ሰብሳቢዎቹ አበል አለብኝ" አለኝ። የማስተርስ ተማሪ ነው። ርዕሱን ጠየቅኩት። በሰሜን ሸዋ ዞን ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት ምን ይመገባሉ የሚል ነው።

"ለምን 422 ሆነ?"

"ፎርሙላው የሚሰጠው 384 ነው ጋሼ። መልስ ለማይሰጡት ደግሞ 10 በመቶ ጨመርኩ።"

384ን በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የምትመጣው እንዲህ ነው። ስለ ነገሩ ምንም ስለማናውቅ ግማሽ በግማሽ ነው ብለን እንነሳለን። ስህተቱ ከ5 በመቶ አይብለጥ እንላለን። እርግጠኝነቱን 95 በመቶ እናደርጋለን። ውጤቱ 384 ይሆናል። ፎርሙላው ምንም ጥፋት የለበትም። እኔን የሚከነክነኝ "ምንም ስለማናውቅ" የምትለዋ ነገር ናት። እናውቃለን እኮ! ጠይቀናል። ሰዎቹም ሥራ ፈትተው፣ ቁጭ ብለው መልሰውልናል። መልሳቸውን ግን አላነበብነውም።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንውሰድ። የሠራው የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይባላል። በመላ አገሪቱ 645 የቆጠራ ቦታዎች (ለሕዝብ ቆጠራ ተብለው የተከለሉ ሰፈሮች) ተመረጡ፤ በእያንዳንዱም 28 ቤተሰብ። 15,683 ሴቶች ተጠየቁ። ሕፃን ላላት እናት ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ ልጁ ትናንት ቀንና ሌሊት ምን እንደበላ ነው። የዚያ ተማሪ ጥያቄ ማለት ነው! ውጤቱም ታትሟል። በዚያ የዕድሜ ክልል ካሉ ሕፃናት ቢያንስ ሊያገኙት ይገባል ተብሎ የሚመከረውን አመጋገብ ያገኙት ከ100 ውስጥ 7ቱ ብቻ ነበሩ።

ይህን አንድ ቁጥር ማወቅ ብቻ የ384ን ነገር ይቀይረዋል። እውነቱ 7 በመቶ አካባቢ ከሆነ የ5 በመቶ ስህተት አይረባም። ከ2 እስከ 12 ባለው ውስጥ ነው ማለት ለጤና ጣቢያ ኃላፊ ምን ይፈይድለታል? ስህተቱን ወደ 2 በመቶ ለማውረድ ያው ፎርሙላ 625 ሰው ይላል። ያውም ሰዎቹ ከተለያየ ቦታ አንድ በአንድ ከተመረጡ ነው። ከአንድ ጎጥ 28 ቤት ብትጠይቅ ጎረቤት ከጎረቤት ይመሳሰላል። መንዝ ላይ ከሆነ ሁሉም ገብስ ዘሪ፣ ሁሉም በግ አርቢ ነው። 28 መልስ ይዘህ የምታውቀው የ28 ሰው ያህል አይሆንም። ስለዚህ ቁጥሩ ገና ከፍ ይላል።

እኔም በወጣትነቴ ዳታ ሰብሳቢ ነበርኩ። አንድ መጋቢት ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለች ጎጥ ገባሁ። ነፋሱ ፊት ይልጣል። አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ዶሮዎች በእግራችን ሥር ይጭራሉ። ላሚቱ በረት ውስጥ ትታያለች። እኔ መጠይቄን ዘርግቼ ባለፉት ሰባት ቀናት በቤቱ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ተበልቶ እንደሆነ ጠየቅኩ።

እንዝርታቸውን አቆሙ። "በሁዳዴ? ምነው ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉኝ።

ሦስቱም ላይ ዜሮ ሞላሁ። አፍሬ ነበር። ትንሹ ልጅስ ብዬ ጠየቅኩ። ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነው። እሱ እንደማይጾም ያውቃሉ። ግን ድስቱ አንድ ነው፤ ዕቃው ይነካካል። እንቁላሉም ተጠራቅሞ ለፋሲካ ገበያ ይወርዳል። "ለሱ ብቻ በምን ልሥራለት?" አሉኝ። ይህን የምጽፍበት ቦታ መጠይቁ ላይ አልነበረም። ዜሮዋ ብቻ ሄደች። ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ያያት ሰው ይህ ቤት ላምም ዶሮም የሌለው ድሃ ነው ቢል አልፈርድበትም።

ያችን ዜሮ ዛሬም አልረሳኋትም። የ2008ቱ ጥናት ዳታ የተሰበሰበው ከጥር 9 እስከ ሰኔ 20 ነው። ሁዳዴ በዚያ ዓመት የካቲት 28 ገብቶ ሚያዝያ 23 ፋሲካ ሆነ። ጾሙ ከነሙሉው ጥናቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። በመጨረሻዎቹ የሰኔ ሳምንታት ደግሞ ረመዳን ነበር። እዚህ ላይ እኛ ከማንም እንቀድማለን። በጥናቱ የዳታ ፋይል ውስጥ የቃለ መጠይቁ ቀን የተመዘገበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የውጭ ተመራማሪ ቁጥሩን ለመቀየር ይለፋል። ደብረ ብርሃን የሚማር ልጅ ግን ወር 7 የሚለውን ሲያይ መጋቢት መሆኑን፣ መጋቢት ደግሞ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከዚህ አንድ ጥሩ ጥናት ይወጣል። በጾም ወቅት የተጠየቁ እናቶች ልጆች ወተትና እንቁላል የማግኘት ዕድላቸው ምን ያህል ቀነሰ? ነገር ግን ዝም ብሎ የመጋቢቱን ከሰኔው ማወዳደር አይበቃም። ዳታ ሰብሳቢ ቡድኖቹ በየወሩ የነበሩት በተለያየ ቦታ ነው፤ የቦታ ልዩነት የጾም ልዩነት መስሎ ሊታይ ይችላል። መፍትሔው ጎረቤትን ከጎረቤት ማወዳደር ነው። ፋይሉ ውስጥ ሃይማኖትም አለ። በአንድ የቆጠራ ቦታ፣ በአንድ ሳምንት፣ ሁዳዴ የያዘችውን እናት ካልያዘችው ሙስሊም ጎረቤቷ ጋር ማየት ይቻላል። ከዚያ ያንኑ ልዩነት ከጾም ውጪ ከተጠየቁት ጋር ማስተያየት ነው፤ ረመዳን የነካቸውን ሳምንታት ለብቻ አድርጎ። ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት በሆኑበት በኤፍራታና ግድም ወይም በቀወት ላደገ ልጅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሁለቱን ቤት ጓዳ ያውቀዋል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለማንሳት አምስት ሳንቲም ለፎቶ ኮፒ አይወጣም።

ሌላ ሰው የሰበሰበው ዝግጁ ዳታ ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው የናሙና ክብደትን፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጠያቂ በድምሩ ውስጥ ምን ያህል መቆጠር እንዳለበት የሚያሳየውን ቁጥር፣ መርሳት ነው። በ2008ቱ ጥናት ከአማራ ክልል የተጠየቁት ሴቶች 1,719 ናቸው። ክብደቱ ሲገባ 3,714 ሆነው ይቆጠራሉ። ከሐረሪ የተጠየቁት 906 ደግሞ 38 ይሆናሉ። ከትንሹ ክልል ብዙ ሰው የተጠየቀው ለራሱ የሚሆን ግምት እንዲገኝ ነው። ለአገር ሲደመር ግን እያንዳንዱ በልኩ መግባት አለበት። ክብደቱን ረስተህ አማካይ ካወጣህ የአገሪቱ አይደለም፤ የማንም አይደለም። ፋይሉ ላይ ደግሞ ክብደቱ በአንድ ሚሊዮን ተባዝቶ ነው የተቀመጠው። መጀመሪያ ማካፈል ያስፈልጋል።

ሌላው የኮድ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ተማሪ ረቂቅ ሳነብ የባሎች አማካይ ዕድሜ ከፍ አለብኝ። ፋይሉን ከፍተን አንድ በአንድ ስናይ 98 የሚል በሽ ነው። 98 ዓመት መስሎት ነበር። የ98 ትርጉም ሚስትየዋ "አላውቅም" ብላለች ነው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ሪግሬሽኑን (የስታቲስቲክስ ትንተናውን) በደንብ ሠርቷል። ግን ከመጠይቁና ከኮድ ዝርዝሩ ጋር አንድ ሳምንት እንዲቀመጥ ማንም አልነገረውም።

የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች የሚያነሱትን ነገር ላልፈው አልችልም፤ ትክክል ነውና። "ይሄ የዞናችንን ችግር አያሳይም" ይላሉ። እውነት ነው። የጥናቱ ናሙና የተዘጋጀው ለክልል እንጂ ለዞን አይደለም። እነዚያ 1,719 ሴቶች ከጎንደር እስከ ምንጃር የተበተኑ ናቸው። ከመካከላቸው ሰሜን ሸዋ የሚኖሩትን ነጥሎ "የዞኑ መጠን ይህን ያህል ነው" ማለት አይቻልም። ርዕሱ "በአማራ ክልል" ይሁን። ምን ይጎድላል? አንድን ዝምድና በክልል ደረጃ በደንብ ያሳየ ጥናት፣ ዞኑን በደንብ ካላሳየ ጥናት ይሻለኛል።

ደግሞ የራሳችን ዞን ዳታ የለም ያለው ማነው? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር የሠራው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት አለ። በ1986 ዓ.ም. 15 የገጠር ማኅበረሰቦችን ይዞ 1,477 ቤተሰቦችን ጠየቀ። ከዚያ እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ እነዚያኑ ቤተሰቦች ደጋግሞ ጠየቀ። ከ15ቱ ሁለቱ የኛ ናቸው። አንዱ አንኮበር ወረዳ ቆላው ላይ ያለችው ዲንኪ ናት። ሌላው ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉት እነ ኮርማርገፊያ፣ ሚልኪ፣ ካራፊኖና ቦካፊያ ናቸው። ስንት በሬ አላችሁ፣ ምን ያህል አጨዳችሁ፣ ማን ታመመ፣ ድርቁ ምን ወሰደባችሁ ተብሎ መጠየቁ በሽማግሌው ተጀምሮ በልጁ የቀጠለበት ቤት አለ። እነሱም ዞኑን አይወክሉም። ግን የእነዚህን ሰዎች መልስ ይዘው ሩቅ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ብዙ ጽፈውበታል። እዚሁ አጠገባቸው የሚማር ተማሪ ግን ስማቸውን ሳይሰማ ይመረቃል። ይህ ያሳዝነኛል።

አዲስ መጠይቅ አይባዛ አልልም። አሮጌው ዳታ የማያያቸው ሰዎች አሉ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ሲደረግ ደብረ ብርሃን 65,231 ሰው ነበራት። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዘመ። ከተማዋ ግን አልጠበቀችም። የኢንዱስትሪ ፓርክ መጣ፤ ፋብሪካው በዛ። ከዚያም የተፈናቀለው ወገን መጥቶ በመጠለያና በየሰው ቤት ተጠጋ። በ1999 ካርታ የሚመረጥ ናሙና እነዚህን ሰዎች አያገኛቸውም። የተማሪ ጉልበት፣ ጊዜና ብር ለዚህ ይዋል። ሄዶ ቤት ለቤት መመዝገብ፣ ከዚያ መጠየቅ። ይሄ ነው አዲስ ዳታ የሚያስፈልገው ሥራ።

የትምህርት ክፍሎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በዝግጁ ዳታ የተሠራ ጥናት "አቋራጭ" አይባል። ፕሮፖዛል ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ "ናሙናህ ስንት ነው?" ከሚሆን "ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ማን ጠየቀ፣ ዳታውስ የት አለ?" ይሁን። መንገድ እንደልብ በማይከፈትበት በዚህ ጊዜ ልጆችን መጠይቅ አሸክሞ በየቀበሌው መላክ በራሱ ከባድ ኃላፊነት ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያገኘሁት ልጅ ስልክ ቁጥሬን ተቀብሎኝ ሄደ። ዳታው እንዴት እንደሚጠየቅ ነግሬው ነበር። ለምን ጉዳይ እንደሚፈልገው አጭር ማብራሪያ ጽፎ፣ ፈቃድ አግኝቶ፣ ፋይሉን ከፈተ። አንድ ማታ ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ የቃለ መጠይቁ ወር እዚህ ጋ 7 ይላል። በኛ ነው አይደል? መጋቢት ነው?"

"አዎ፣ መጋቢት ነው።"

ትንሽ ዝም አለ። "እንግዲያው እነዚህ እናቶች ጾም ላይ ነበሩ" አለኝ።