ወንዙን ሳይሻገር ጣቢያውን ወቀሰ
አንድ መምህር ስለ ቻይና ጉዞው ሲጽፍ ባቡር እንዳመለጠውና ሆቴሎች እንዳልተቀበሉት ነግሮናል። «ባቡሩ ያመለጠኝ የጣቢያው ሠራተኞች ስላልተባበሩኝ ነው» ማለቱን ግን አልቀበልም፤ የሄደው ወደ ተሳሳተ ጣቢያ ነው። እኔም ቻይና ውስጥ በዉሃን ከተማ ስማር ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ከተማዋ ዉሃን፣ ሃንኮውና ዉቻንግ የሚባሉ ሦስት ትልልቅ የባቡር ጣቢያዎች አሏት፤ ሃንኮውና ዉቻንግ ደግሞ ከያንግዜ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ናቸው። ቲኬቴ ከሃንኮው የሚነሳ ሆኖ ሳለ እኔ ዉቻንግ ቆሜ፣ ሰሌዳው ላይ አንጋጥጬ የባቡሬን ቁጥር እፈልጋለሁ! አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ቲኬቴን አይታ በመጥረጊያዋ እጀታ ወደ ወንዙ ማዶ ስትጠቁመኝ ላብ አጠመቀኝ። መግቢያው ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃዎች አስቀድሞ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ልመና ዋጋ የለውም፣ ለፈረንጅም ለሐበሻም እኩል ነው። በመምህሩ ጽሑፍ ሥር «ቻይናዎች ለእንግዳ ፊት አይሰጡም» ብለው አስተያየት ለጻፉት፦ በዚያው ሌሊት መቀመጫ የሌለው ቲኬት ገዝቼ (ዋጋው ተቀምጦ ከሚሄደው እኩል መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል) መተላለፊያው ላይ ቆሜ ስሄድ፣ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ግማሽ መቀመጫቸውን ሰጡኝ፤ ከፉርጎው ጫፍ ካለው የፈላ ውሃ ማፍያ ቀድተውም ኑድል አዘጋጁልኝ። በሆቴሉ ጉዳይ ግን መምህሩ እውነት አለው። እንግዳው ፓስፖርቱን አሳይቶ መመዝገብ አለበት፤ አንዳንድ ትንንሽ ማረፊያዎች ይህን ጣጣ ሲሸሹ «የውጭ አገር ሰው አንቀበልም» ይላሉ። እኔም አንድ ጊዜ ከሦስት ደጃፍ ተመልሼ፣ ሻንጣዬን ተንተርሼ ጣቢያ ውስጥ አድሬያለሁ።