እርማት፦ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ ቤት አያበራም

ወንድሜ፣ «መብራት ሲጠፋ የትኛውም የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ በሚደረግበት ገመድ ቤቱን መልሶ ያበራል» ያልከው ብዙ ሰው ያመነው ስህተት ነው። አራት ኪሎና ፒያሳ ከምናያቸው መኪኖች አብዛኞቹ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ኃይል ይቀበላሉ እንጂ አይመልሱም። ባትሪው የሚያከማቸው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው፤ ቤት የሚሠራው በኤሲ (አቅጣጫውን በሚቀያይር ኤሌክትሪክ)። ለመመለስ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ቻርጀርና ይህን የሚፈቅድ መኪና ያስፈልጋል። ኒሳን ሊፍ የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና በጃፓን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት የሚያበራው ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ ነው።

እንደ ቢዋይዲ አቶ 3 ያሉት መኪኖች የሚሰጡት፣ ዕቃ በቀጥታ የሚሰካበት መሰኪያ ሌላ ነገር ነው። 3 ኪሎዋት አካባቢ ያወጣል፤ ፍሪጅ፣ ቲቪና አምፖል ይችላል። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል።

እባክህ፣ ከዚህ መሰኪያ ገመድ ስበህ የቤቱ ግድግዳ ሶኬት ላይ እንዳትሰካ! ቤቱ ከመስመሩ ካልተለየ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ቮልቴጁ በብዙ እጥፍ ያድጋል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ይሞታል። መስመሩን መርዳት ከፈለግክ ዛሬውኑ የምትችለው አለ፦ ሁሉም ምጣድ በሚጥድበት ምሽት መኪናህን አትሰካ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቻርጅ አድርግ።