ዘግይቶ ለሚደርስ ግልጽነት የቀረበ ምስጋና

ስለ አካባቢ ምክር ቤት እጩዎች የሚወራው ክፉ ክፉው ብቻ ነው። ዛሬ እስኪ እናመስግናቸው። የዘመቻ ገንዘባቸውን የሚያሳውቁበት ጥበብ ብቻውን ሽልማት ያሰጣል። ማን እንደሰጣቸው ይናገራሉ፤ ስንት እንደሰጣቸውም ይናገራሉ። የሚናገሩት ታዲያ እኛ ድምፃችንን ሰጥተን፣ ውጤቱን ሰምተን፣ የሁሉንም ፖስተር ከረሳን በኋላ ነው።

ይህ ትልቅ ደግነት ነው። አስቡት፣ ተሰልፋችሁ ተራ እየጠበቃችሁ ነው። በዚያች ሰዓት አንዱ መጥቶ «የእኚህን ሰውዬ ፖስተር ያሳተመው የመንገድ ጥገናውን ጨረታ የሚጠብቀው ተቋራጭ ነው» ቢላችሁ? ቀናችሁ ተበላሸ ማለት ነው።

ደግነቱ ሕግ ሆኖ የጸናባቸው አገሮች አሉ። እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢ ምርጫ እጩ የወጪና የስጦታ ዝርዝሩን የሚያስገባው ውጤቱ በተነገረ በ35 ቀን ውስጥ ነው። ኒውዚላንድ ደግሞ ረጋ ብላ 55 ቀን ትሰጣለች። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ግን ሁሉንም ታስከነዳለች። የከተማ ምርጫው በኦክቶበር ይካሄዳል፤ የሒሳብ መግለጫው እስከሚቀጥለው ማርች የመጨረሻ ዓርብ ድረስ ጊዜ አለው። የረሳ ሰው ደግሞ 500 ዶላር ከፍሎ ሌላ 30 ቀን ማግኘት ይችላል። በዚህ መሀል ተመራጩ ወንበሩን አሙቆ፣ የመጀመሪያዎቹን የመሬት አጠቃቀም ውሳኔዎች በድምፁ አጽድቆ ይሆናል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉ ቅናተኞች አይጠፉም። ውሻው ጮኋል አይደል እንዴ? ሌላ ምን ይሁንላችሁ?

ነገረኛ ከተማ ግን የትም አለ። ኒውዮርክን ተመልከቱ። በ1988 እ.ኤ.አ. የዘመቻ ገንዘብ ቦርድ የሚባል ነገር አቋቁማ፣ ይሄው እስከዛሬ የለጋሾችን ስም፣ ሥራና ቀጣሪ ከምርጫው ቀን በፊት ኢንተርኔት ላይ ትዘረግፋለች። ይህ አልበቃ ብሏት ከከተማው ጋር ውል ያለው ሰው ሊሰጥ የሚችለውን ገንዘብ ከሌላው ዜጋ ዝቅ አድርጋ ወስናለች። እንግዲህ ከከተማው ሥራ የሚጠብቅ ሰው ፍቅሩን በምን ይግለጽ?

ደግሞ ለጋሾችን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በብዙ ቦታ ከተወሰነ መጠን በታች የሰጠ ሰው ስሙ አይጠቀስም። እዚህ ላይ ነው የቤተሰብ ፍቅር የሚታየው። ባልየው ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ ያለ ገንዘብ ይሰጣል። በዚያው ቀን ሚስቱ ያችኑ ያህል ትሰጣለች። ወንድሙ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ሒሳብ ሠራተኛውና ሾፌሩም እንዲሁ። ሾፌሩ ደሞዙን እንዳለ ለከተማ ፕላን ማሻሻያ ሲሰጥ እንባ የማይተናነቀው ማነው? ድርጅት መስጠት በተከለከለበት ቦታም የዳይሬክተሮቹ የዜግነት ስሜት ድንገት ይነሳሳል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ለአንድ እጩ ይነቃቃሉ። ሕጉ ይህን በሰው ስም መስጠት ብሎ ይከለክለዋል፤ ሕግ ግን መቼ ፍቅር ገብቶት ያውቃል?

ወደ ቅጹ እንምጣ። በእጅ የተሞላ፣ ተገልብጦ ስካን የተደረገ፣ ፊደሉ ጉንዳን የሄደበት የሚመስል ቅጽ ማየት ዓይን ያለሰልሳል። በኮምፒውተር ስም ፈልጎ ማግኘት የሚባል ብልግና የለበትም። የለጋሹ ሥራ «ነጋዴ»። አድራሻው የፖስታ ሳጥን። ወጪው ደግሞ አብዛኛው «ልዩ ልዩ»። ልዩ ልዩ ሆይ፣ ስንቱን ሸፍነሽ አሳለፍሽ! የአንዳንድ ዘመቻ ገንዘብ ያዥ ከእጩው የበለጠ መመረጥ የሚገባው ይመስለኛል።

እና ሁሉም ነገር ሕጋዊ ነው፤ ፋይሉ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማየት የፈለገ ሰው በሥራ ሰዓት ፈቃድ ወስዶ፣ ማመልከቻ ጽፎ፣ ኃላፊው ከስብሰባ እስኪመለሱ ጠብቆ ያየዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት አንቀጽ 7 ላይ አገሮች የእጩዎችን ገንዘብ ይበልጥ ግልጽ የሚያደርግ እርምጃ እንዲያስቡበት ይጠይቃል። እያሰቡበት ነው። ሐሳብ ደግሞ አይጣደፍም።

የምስጋናውን ትልቁን ድርሻ ግን ለእኛ ለመራጮች አስቀምጫለሁ። ፋይሉ ቢከፈትም አንከፍተውም። ለፓርላማው ምርጫ የገንዘብ ቅሌት ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን፤ የሰፈራችንን መሬት የሚያከፋፍለው ምክር ቤት ግን ማን እንደከፈለለት ጠይቀን አናውቅም። አንድ ባለሀብት የፓርላማ አባል ለመወዳጀት ብዙ ይደክማል፤ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ግን በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፣ ፊርማውም ይበልጥ ቅርብ ነው። ይህን ሁሉ ሳናይ በማለፋችን የስንት ሰው ገበና ተሸፈነ!

አንድ የማሻሻያ ሐሳብ ብቻ አለኝ። 35 ቀንም ሆነ 55 ቀን ጥድፊያ ነው። ሪፖርቱ ተመራጩ የሥልጣን ዘመኑን ሲጨርስ ለምን አይገባም? ያን ጊዜ ፈቃዱም ወጥቷል፣ ሕንጻውም ቆሟል፣ የጨረታውም ገንዘብ ተከፍሏል። ለጋሹ ጉዳዩ ስላለቀለት ስሙን በትልቁ ቢያጽፍ ቅር አይለውም።