ማስተካከያ፦ ጽጌረዳ የሚገረዝበት ጊዜ

ባለፈው ጽሑፌ «ክረምቱ እንደወጣ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ጽጌረዳችሁን ግረዙ» ብዬ ነበር። ለደብረ ብርሃን ይህ ምክር ስህተት ነው። ይቅርታ።

ችግሩ ውርጭ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። በበጋ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጭ ይወርዳል። የተገረዘ ጽጌረዳ ደግሞ ቶሎ ለጋ ቀንበጥ ያወጣል። ውርጭ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። የእኔዎቹ ኅዳር ላይ የፈላ ውሃ የተደፋባቸው ይመስል ጠቁረው አደሩ። ምክሬን ራሴም ሰምቼው ነበራ!

ስለዚህ ደጋ ያላችሁ ዋናውን መግረዝ እስከ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት አቆዩት። እስከዚያ የጠወለገውን አበባ ብቻ ልቀሙ። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን ቆላ ናችሁ፤ ይሄ አይመለከታችሁም።

ሌላ ግድፈትም አለ። «ከዓይኑ ሥር ቁረጡ» ያልኩት «ከዓይኑ በላይ» መባል ነበረበት። ዓይን የምለው ቅርንጫፉ ላይ አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበትን ትንሽ እብጠት ነው። ወደ ውጭ የሚያይ ዓይን ምረጡ። ከእሱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ውሃ ወደ ዓይኑ እንዳይወርድ አጋድማችሁ ቁረጡ። የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ከሥሩ አንሱ። ከጤነኛው ግን ከሲሶ በላይ አትንኩ። መቀሱን በአልኮል ጥረጉት። አረቄ ለዚህ አይበቃም፣ ለእንግዳ ይቆይ።

እኔን ሰምታችሁ አስቀድማችሁ የቆረጣችሁ፣ ማታ ማታ በጆንያ ሸፍኑት። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ግለጡት።